ካሜራውን ትቶ ካርዱን

ሞኝ ሌባ ሞልቷል፤ እንዲህ ዓይነቱን ሞኝ ግን ኢንስፔክተር የሺዓለም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ አይታ አታውቅም። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው የአማኑ ቪዲዮ ቤት መደርደሪያ ላይ አዲስ ባጃጅ የሚገዛ ካሜራ ተቀምጧል። ሌንሱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ላፕቶፑም አለ። የጠፋው ካሜራው ሆድ ውስጥ የነበረ፣ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው።

"በሩ ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም" አለ አማኑ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

"መስኮቱስ?"

"መስኮት የለኝም። ፊልም ቤት ነው ኢንስፔክተር፣ ብርሃን አይገባም።"

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ሁዳዴ ስለሆነ የሺዓለም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ባልደረቦቿ እንኳ በሩቁ ነው ሰላም የሚሏት። ሚሞሪ ካርድ ጠፋ ተብሎ ደረጃ መውጣቷ ሲያናድዳት ነበር። ንዴቷ የበረደው ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት የፕላስቲክ ጽጌረዳ የከበበው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሴት ስትሰማ ነው።

ሴትየዋ ሎሚ ትባላለች። ያገባችው ከሃያ ሦስት ቀን በፊት ነው። አላለቀሰችም፤ የተናገረችው ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል እንዳይሳሳትባት እየተጠነቀቀች ነበር።

"አባቴ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበት። ሐኪሞቹ ቶሎ ይውጣልህ፣ ድምፅህ ግን አብሮ ይሄዳል አሉት። 'ልጄን ሳልመርቅ አልጋ ላይ አልወጣም' ብሎ ሠርጌን ጠበቀ። እሑድ ቀን መረቀኝ፣ ማክሰኞ ቀዶ ጥገና ገባ። ከዚያ ወዲህ አይናገርም። ድምፁ ያለው እዚያ ካርድ ላይ ብቻ ነው።" ትንፋሿን ሳበች። "እባክዎ፣ ቪዲዮውን አልፈልግም። ድምፁን ብቻ ያግኙልኝ።"

የሺዓለም ወደ አማኑ ዞረች። "ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ኮምፒውተር አልገለበጥከውም?"

"ወረፋ ነው ኢንስፔክተር። የጥር ሙሽሮች ገና አላለቁልኝም።"

"የጥር ሙሽሮች እኮ አሁን አርግዘዋል!"

የሺዓለም ካሜራውን አንሥታ አገላበጠችው። በጎኑ ያለችውን ትንሽ በር ስትከፍት ሁለት ቀዳዳ አየች። አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላው ውስጥ ግን ካርድ አለ። ላዩ ላይ 512 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል።

"ይሄስ?"

"እሱ… እሱ የተበላሸ ነው። ባዶ ነው" አለ አማኑ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። "የጠፋችው ሌላዋ ናት። ቪ ዘጠና የምትባለው ፈጣኗ ናት ኢንስፔክተር! ከዱባይ በሰው እጅ ያስመጣኋት። አዳማ ውስጥ እንደሷ ያለች ካለ ይምጣ። ለሰው ሁሉ ነው የማሳያት።"

"መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?"

"የዛሬ ሳምንት። ለአንድ ደንበኛ አውጥቼ አሳይቼ መለስኳት።"

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን የቆዩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ተፎካካሪው ኢተፋ የካሜራ መቆሚያ ሊዋስ መጥቷል። የሙሽራው ሚዜ ዳዊ "ላናግርህ" ብሎ መጥቷል። የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ደግሞ ለልፋቱ ብለው ሽሮ ይዘውለት መጥተዋል። የሺዓለም "ሽሮ" የሚለውን ቃል ስትጽፍ ሆዷ ጮኸ። 512 የተባለውንም ካርድ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ይዛው ወረደች።

*

ኢተፋ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሠርግ መቅረጽ የጀመሩት ካሴት የዳቦ ያህል በነበረበት ዘመን ነው።

"አካም ጅርቱ ኢንስፔክተር! ግቢ፣ ግቢ። እኔን ጠርጥረሽ ነው?"

"ሁሉንም ነው የምጠይቀው ጋሼ። ብቻዎን እዚያ ክፍል ቆይተዋል።"

"ቆይቻለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ ብሰርቅ ሌንሱን ነው የምሰርቀው። ሌንሱ ጥሩ ነው" አሉና ሳቁ። "ደግሞ እኔ ብሆን ሁለቱንም ካርድ ነበር የምወስደው። ሁለት ቀዳዳ ያለው ለምን ይመስልሻል? ጥሩ ባለሙያ ሁለት እኩል ፈጣን ካርድ ይከታል፤ ካሜራው አንዱን ነገር ሁለቱም ላይ ይጽፋል። አንዱ ቢሞት አንዱ አለ። ይህን የሥራው ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"አማኑ ለምን እንደዚያ አላደረገም?"

"እሱን እሱን ጠይቂው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬዋለሁ፤ አልሰማኝም።"

የሺዓለም ማስታወሻዋ ላይ "ባለሙያ ሁለቱንም ይወስድ ነበር" ብላ ጻፈች።

*

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በር ላይ ተቀበሏት። የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ናቸው፤ አነጋገራቸውም ገና ሰላምታው ላይ ስብከት ስብከት ይላል።

"ተገኘ እንዴ?"

"ገና ነው እማማ። ሠርጉ ላይ ልዩ ነገር አይተው ይሆን?"

"እኔ ምን አያለሁ? ከጾም ጠረጴዛው ንቅንቅ አላልኩም። ያ ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ ምሳ ሲበላ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ካርዷን አውጥቶ 'እማማ፣ ሠርጉ በሙሉ የሚገባው እዚች ውስጥ ነው' ብሎ አሳየኝ። ይመስገን ነው፣ ዘንድሮ የማይታይ የለም።"

ግድግዳው ላይ አራት ሴቶች ጎን ለጎን የቆሙበት የሠርጉ ፎቶ ተሰቅሏል። የአራቱም ቀሚስና ነጠላ ባለ አረንጓዴ ጥለት ነው።

"እኔና እህቶቼ ነን" አሉ ሸዋወርቅ በረጅሙ ተንፍሰው። "ሦስቱም ወደ ጌታ ሄዱ።"

"ነፍስ ይማር እማማ!"

"ኧረ አሉ! ጴንጤ ሆኑ ማለቴ ነው። በሁዳዴ ሥጋ እያገላበጡ ይበላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ መከርኳቸው፣ ገሠጽኳቸው፣ እንቢ አሉ። ይኸውና ከእናታችን ልጆች ጾም የምጾም እኔ ብቻ ቀረሁ።" ዓይናቸውን ወደ ሰዓታቸው ወረወሩ። "አንቺስ ትጾሚያለሽ?"

"እጾማለሁ።"

"እሰይ! ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሽሮ አቀርብልሽ ነበር።"

ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። የሺዓለም አመስግና በፍጥነት ወጣች።

*

ሚዜው ዳዊ ላቡ የመጣው ከጥያቄው በፊት ነው። ይህን ያየች የሺዓለም ልቧ ሞቅ አለ።

"አማኑ ጋ ምን ልታደርግ ሄድክ?"

"አንድ ጭፈራ እንዲያወጣልኝ ልለምነው።"

"የምን ጭፈራ?"

"ከአንዲት ልጅ ጋር ጨፍሬያለሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነው። እጮኛዬ ደግሞ ቪዲዮውን እየጠበቀች ነው።"

"አማኑ እንቢ ሲልህ ካርዱን ወሰድከው!"

"እሺ ነው ያለኝ! ከዚያ ከፎቶ ላብራቶሪ የታተመ ፎቶ ሊቀበል ወረደ። አሥር ደቂቃ ቆየ።"

"በአሥር ደቂቃ ስንት ካርድ ይሰረቃል?"

ዳዊ ስልኩን አወጣ። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ በስቱዲዮው ትልቅ መስታወት ፊት ቆሞ ለቲክቶክ የቀረጸው ዳንስ አለ፤ ስላላማረው ስድስት ጊዜ ደጋግሞታል። የሺዓለም ስድስቱንም አየች። ሰዓታቸው ተከታታይ ነው፤ ከኋላው መደርደሪያው ላይ ካሜራው ሳይነካ ቁጭ ብሎ ይታያል። ስድስተኛው ሲያልቅ አማኑ በሩን ከፍቶ ሲገባ ይሰማል።

"ከእነዚህ የቱን ለቀቅከው?"

"አራተኛውን።"

"ሁለተኛው ይሻል ነበር" ብላው ሄደች። እስካሁን ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም መዋሏ ገብቷታል።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ፍራንኮ ሰፈር ወደሚገኘው የሱሃይላ ሱቅ ገባች። ሱሃይላ ካርድ፣ ቻርጀርና ፍላሽ ትሸጣለች፤ የጠፋ ፋይልም ከሞተ ዕቃ ውስጥ ጎትታ ታወጣለች። ረመዳን ነው፤ የሱሃይላ ከንፈር ደርቋል፣ የየሺዓለምም እንዲሁ። ሁለቱ ተያይተው በአንድ ጊዜ ተነፈሱ።

"ይሄን እዪልኝ። የተበላሸ ነው ብለውኛል።"

ሱሃይላ 512ቱን ካርድ ሰክታ አንድ ነገር አስጀመረች። ጥቂት ቆይታ ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ጊጋ አይደለም ኢንስፔክተር። ሠላሳ ሁለት ነው። ላዩን ቀብተው ነው የሸጡት።"

"እንዴት ይታወቃል?"

"ሰው ካርድ ሲገዛ ትልቁን ቁጥር ነው የሚያየው። መታየት ያለበት ትንሿ ናት፣ 'ቪ' ከምትለዋ ፊደል አጠገብ ያለችው። እሷ ናት ካርዱ ምን ያህል ፍጥነት ሳያቋርጥ እንደሚጽፍ የምትናገረው። ይሄ ጭራሽ የለውም። ጥሩ ካርድ እንኳ ቢሆን ሠርግ ቦታ ከመውሰድሽ በፊት ቤትሽ ጥግ ድረስ ሞልተሽ፣ መልሰሽ አጫውተሽ ትፈትኚዋለሽ። ይሄ አታላይ ነው፤ ሲሞላ ሞላሁ አይልም፣ የፊተኛውን እየበላ ይቀጥላል።"

"የፊተኛውን ይበላል?"

"ኢንስፔክተር፣ 'ይበላል' አትበይ፣ እርቦኛል።"

የሺዓለም ነገሩ የገባት መሰላት። ይኸው! አማኑ በርካሽ ካርድ ሠርጉን አበላሽቶ፣ እንዳይዋረድ ብሎ "ተሰረቅሁ" አለ። ወዲያው ደወለችለት። አልካደም፤ ስልኩ ላይ ማልቀስ ቀረው።

"እውነት ነው፣ ያን ካርድ ከመንገድ ላይ ነው የገዛሁት። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስቀርጽ ቀርፋፋው ፈጣኗን እየያዘ ካሜራው ቆመብኝ። ስለዚህ ለየኋቸው። ቃል ኪዳኑንና ምርቃቱን በጥሩዋ፤ ጭፈራውንና ምሳውን በዚህኛው። ለሚበላ ሰው ቪ ዘጠና ምን ይሠራለታል ብዬ ነው።"

የሺዓለም ስልኩን ዘጋችና ነገሩን ከመጀመሪያው አሰላችው። አማኑ ጥፋቱን ሊደብቅ ቢፈልግ ኖሮ የሚደብቀው ይህንን የውሸት ካርድ ነበር። የሚያሳፍረው ካርድ ግን ካሜራው ውስጥ ቀርቶ፣ የሚኮራበት ነው የጠፋው። ስለዚህ አማኑ አልሰረቀም። ኢተፋም አልሰረቁም፣ እሳቸው ሁለቱንም ይወስዱ ነበር። ሌባው ካሜራ ሁለት ካርድ እንደሚይዝ የማያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው አማኑ እያወጣ የሚያሳየውን አንዱን ብቻ ነው።

ታዲያ የሎሚን አባት፣ የአቶ ገመዳን ምርቃት ማን ይጠላል? ማንም አይጠላም። ሌባው ሊያጠፋ የፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ የተሳሳተውን ካርድ ወሰደ እንጂ።

"ሱሃይላ፣ እዚህ ላይ የቀረ ነገር አለ?"

"የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ተርፏል። ላጫውተው?"

አጫወተችው። እግዜር ያሳያችሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ አንዷ በሁዳዴ፣ አንዷ በረመዳን፣ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሰው ሲበላ ሊያዩ ነው። የእኛ አገር ቪዲዮ አንሺ ደግሞ ሰው ካልጎረሰ መብራቱን አያበራም። ክትፎ በቅቤ ሲያበራ ታየ። ጥብስ በብረት ምጣድ ሲጨስ ታየ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጉርሻውን አጋምሶ መብራቱ ሲበራበት ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ።

"አላህ ይቅር ይበለን" አለች ሱሃይላ።

"ዝም በይና እዪ" አለች የሺዓለም ምራቋን እየዋጠች።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ካሜራው ወደ ቁርጡ ዞረ። ከተሰቀለው ሙዳ ሥር ቢላዋ የያዘች አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ጎረሰች። ደገመች። አዋዜውን እያጠቀሰች ሦስተኛውን ስታነሣ መብራቱ ወደቀባት፤ ወዲያው ነጠላዋን ስባ እስከ ዓይኗ ተሸፋፈነች። ፊቷ አልታየም። የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነው።

"እዚህ ላይ አቁሚው" አለች የሺዓለም።

"ፊቷ አይታይም እኮ። ማን እንደሆነች በምን ታውቂያለሽ?"

"ፊቷ ቢታይ ኖሮ አላውቅም ነበር" ብላ ተነሣች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሽሮውን እየተንተከተከ አቀረቡላት። የሺዓለም ቀኑን ሙሉ ተርባ ስትመረምር ነው የዋለችው፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።

"እማማ፣ በሠርጉ ቀን ይህን ጥለት የለበሳችሁ እናንተ አራታችሁ ብቻ ናችሁ?"

"እኛ ብቻ። በልክ ነው ያሠራነው።"

"እህቶችዎ ሥጋ ሲበሉ ፊታቸውን ይሸፍናሉ?"

"እነሱ? እንኳን ሊሸፍኑ፣ እኔን እያዩ ነው የሚ…" የሸዋወርቅ እጅ ጉርሻው ላይ ቀረ።

የሺዓለም አላዋከበቻቸውም። እሷም ከግማሽ ሰዓት በፊት ያን ቁርጥ አይታ ምን እንደተሰማት ታውቃለች።

"እጄን ልታጠብ ነው የተነሣሁት" አሉ ሸዋወርቅ ድምፃቸው ተሰብሮ። "በዚያ በኩል ሳልፍ ሽታው ያዘኝ። አንድ ብቻ አልኩ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ያ መብራት መጣ! ሃያ ዓመት የገሠጽኳቸው እህቶቼ ቪዲዮውን ሰብሰብ ብለው ሲያዩት ታየኝ። እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ እናገራለሁ? ሽሮ ይዤለት ሄድኩ፤ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ያቺን ያሳየኝን ካርድ አወጣኋት።"

"እማማ፣ ቁርጡ እዚያ ካርድ ላይ የለም። እርስዎ የወሰዱት ላይ ያለው የሎሚ አባት ምርቃት ነው።"

"ታዲያ ምን አለበት፣ ሌላ ኮፒ አይኖረውም? የዛሬ ነገር ሁሉ ኮፒ አለው ይሉ የለም እንዴ?"

"የለውም። አቶ ገመዳ ደግሞ ድምፃቸው ጠፍቷል። ከእንግዲህ አይናገሩም።"

ሸዋወርቅ ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ። ይህን አላወቁም ነበር። "ወይኔ!" አሉ ደረታቸውን እየመቱ። "ወይኔ የሰው አባት!"

"የት አደረሱት? አቃጠሉት?"

"ጸሎት ያለበትን ነገር እንዴት አቃጥላለሁ?" ወደ ጓዳ ገብተው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ውሃ ይዘው ወጡ። ከሥሩ ካርዷ ተጋድማለች። "ጠበል ውስጥ ነው የከተትኩት። የንስሐ አባቴ ከአርሲ እስኪመለሱ ከኔ ኃጢአት ትንጻ ብዬ።"

የሺዓለም ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው። ካርዱ ስድስት ቀን ሙሉ ሲዘፈዘፍ ሰንብቷል። ሎሚን ምን እንደምትላት እያሰበች በቀጥታ ወደ ሱሃይላ ሱቅ ይዛው ሄደች።

*

"አትሰኪው!" ብላ ጮኸች ሱሃይላ ካርዱን ስታይ። "ካርድ የሚገድለው ውሃው አይደለም፣ እርጥብ ሳለ መሰካት ነው።" በለስላሳ ጨርቅ አድርቃ ሌሊቱን ቬንትሌተር ፊት አሳደረችው። ለየሺዓለም ማረጋገጫ አልሰጠቻትም። ጥሩ ካርድ ዙሪያው የታሸገ ነው፣ ብዙ ይችላል፤ ስድስት ቀን ግን ብዙ ነው አለቻት።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በየሺዓለም ቢሮ ተሰበሰቡ። አቶ ገመዳ አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ሎሚ እጃቸውን ይዛለች። አማኑ ጥግ ላይ ነው። ሸዋወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግቡ ቢባሉም እንቢ ብለው በር ላይ ቆመዋል።

ሱሃይላ ካርዱን ሰካች። ላፕቶፑ አሰበ። አሰበ። የሺዓለም ማያ ገጹ ላይ አፈጠጠች። ሎሚ ጭራሽ አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ከፈተ" አለች ሱሃይላ። ማንም ሳይነካው በፊት ሦስት ቦታ ገለበጠችው፤ አማኑንም በግልምጫ ቆነጠጠችው። ከዚያ አጫወተችው።

የገመዳ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሻከር ያለ፣ ግን ሙሉ ድምፅ ነበር።

"ሆራ ቡላ! ውለዱ፣ ክበዱ! ከብታችሁ በረቱን ይሙላው! ልጄ ሎሚ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ! የእኔን ዕድሜ ለአንቺ ያድርገው!"

ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሕዝብ "አሜን!" አለ። ቢሮው ውስጥም አንዱ "አሜን" አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም አሉ። የሺዓለም ራሷ አለች። ገመዳ የገዛ ድምፃቸውን እየተከተሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ሎሚም ሦስት ሳምንት ይዛው የቆየችውን ለቅሶ አባቷ ትከሻ ላይ ለቀቀችው። ከሁሉም አሜን ጎልቶ የተሰማው ከበሩ በኩል የመጣው ነው። ሸዋወርቅ መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሸዋወርቅ ራሳቸው ተናገሩ። ሽታውንም፣ ሦስቱን ጉርሻም፣ ጠበሉንም አልደበቁም። "እሰሩኝ" አሉ። "እህቶቼም ይስሙ።"

የሺዓለም ወደ ሎሚ ዞረች። "ክሱ ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?"

ሎሚ አባቷን አየቻቸው። ገመዳ እጃቸውን ለየሺዓለም ብዕር ዘረጉ። የቃል መቀበያው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በገበሬ ጣት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ጻፉና አቀበሏት። የሺዓለም ጮክ ብላ አነበበችው።

"የሠርጉን በሬ ከአቦምሳ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት በእጄ ቀልቤዋለሁ። ጥፋቱ የበሬው ነው፤ ሴትየዋን ልቀቁ።"

ከዚያ የገመዳ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አፋቸው ተከፍቷል፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከዘራው ጉልበታቸው መሐል ይደንሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሎሚ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ አየቻቸው።

"እየሳቀ ነው" አለች። "አባዬ እየሳቀ ነው እኮ!"